ገበር ያልገባላቸው ካፖርቶች

መስከረም 18

እራፊ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ?

እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ጉልበቴን አይጨምርም፤ እሱ የራሱን ኑሮ ከጀመረ ሰንብቷል። ደረጃ ስወጣ የሚንቋቋው ሳንቃው ይሁን የእኔ አጥንት ለማወቅ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። መልስ ያዘገየሁት ሰንፌ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ሁለት ሳምንት ተናደድኩ፤ ከዚያ ሰለቸኝና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

አሥራ ሁለቱንም ካፖርት ያለ ገበር ነው የምትፈልጊው? በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከዚህ ቤት ገበር ሳይገባለት የወጣ ልብስ የለም። ገበር የሌለው ካፖርት የለበሰ ሰው ሱሪውን ረስቶ ሥራ ከገባ ሰው በምን ይለያል? "ለልብስ ትርኢቴ የሚስማማ ጨርቅ አግኝቻለሁ፣ እዚሁ ራሴ አስገባለታለሁ" ስላልሽ ግን እሺ ብያለሁ። አምኜበት እንዳይመስልሽ። እናትሽ ሞታ ወደዚህ ቤት ካመጣሁሽ ቀን ጀምሮ አንቺን እምቢ ማለት አልሆነልኝም፤ አሁን በስተርጅና ከየት አመጣዋለሁ።

"ልብሱ እንዲናገር እፈልጋለሁ" ያልሽውም አልገባኝም። እኔ የማውቀው ልብስ የሚናገረው ሰውዬው ጎንበስ ሲል ነው፣ ያውም ጠርር ብሎ። ግን አንቺ ተምረሻል፤ ይናገር።

ሣጥኑ ትናንት ወጥቷል። ጥልፉን ስታዪው አፍሽን ትከፍቻለሽ። አምስቱ ሴቶች አምስት ወር ሙሉ አንገታቸውን ሳያቀኑ ነው የሠሩት። ሳቂታዋ እንኳ ቀልዷን ቀንሳ ነበር፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። በጀርባው የጥልፉን ቋጠሮ የሚሸፍነው አቡጀዲ እንዳለ ነው፤ እንደ ወትሮው ሴቶቹ ራሳቸው በእጅ ስፌት ወስውሰውታል። አንቺ ገበሩን ከአቡጀዲው ላይ ትሰፊያለሽ፣ በቃ። እዚሁ የእራፊ ክምር ላይ እየተኛሽ ላደግሽው ልጅ ይህን መጻፌ ያሳፍራል፤ የምጽፈው ለረዳቶችሽ እንድትነግሪልኝ ነው። የጥልፉ ፊት የገዢው ነው። ከአቡጀዲው ስር በተረፈ ክር የምታኖረው ግን የጠላፊዋ የራሷ ነው። ምን እንደምታኖር እኔም አላውቅም፣ አጠገቧ የተቀመጠችውም አታውቅም። ዕድሜ ልኬን አንዴ በጥፊ የመታሁሽ አቡጀዲ ስትተረትሪ ይዤሽ አይደል? አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። እኔ መታሁሽ፣ ጭምቷ እንባሽን ጠረገችልሽ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጭምቷን ጠይቀሽኛል፤ ደህና ናት። አሁንም በቀን ሦስት ቃል ብትናገር ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንዱን ልብስ ማንም ሳይነካብኝ ብቻዬን ካልያዝኩ የምትለው አመሏም አልለቀቃትም። ሩቅ አገር ትኖር የነበረችው እህቷ ዓምና ጠቅልላ መጥታለች፣ ከነልጇ። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ጭምቷ ዘንድ የምትተወውን የቤት ቁልፍ ልትወስድ እኛ ጋ ብቅ ትላለች። በጋ ከክረምት ድፍን ጫማ ናት። ሳቂታዋ "ይህች ልጅ ጫማዋን አውልቃ ትተኛ ይሆን?" እያለች ታሾፋለች። ጭምቷ ደግሞ ልጅቷ በገባች ቁጥር ክሯን ታወሳስባለች። አክስት መሆንም ያስደነግጣል መሰለኝ።

ብርድ ነው ይላሉ እዚያ። አንገትሽን ሸፍኚ።

አጎትሽ

ኅዳር 4

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? በመጨረሻው ደብዳቤዎ "ምን ሆነሽ ነው ስለ ትርኢቱ አንድ ቃል ያልጻፍሽልኝ" ብለው ተቆጥተዋል። ልክ ነዎት። መጻፍ ያቃተኝ ነገሩ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖብኝ ነው።

አዳራሹ ድሮ መጋዘን የነበረ ነው፤ ጣሪያው ዝገት፣ ወንበሩ ብረት። ካፖርቶቹ መጀመሪያ በፊታቸው ወጡ። ሰው "ውብ ነው" እያለ ተንሾካሾከ፣ እንደማንኛውም ትርኢት። ከዚያ መብራቱ ጠፋና ሲበራ ልብስ የሚያሳዩት ልጆች ካፖርታቸውን ገልብጠው ለብሰው ቆመዋል። ጀርባው ወደ ውጭ! ቋጠሮው፣ የተንጠለጠለው ክር፣ ሴቶቹ በጀርባው የሠሩት ሁሉ። ጋሼ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዝንብ ቢበር ይሰማ ነበር። ከዚያ ተነሥተው አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጠች ባለ ዕንቁ ሴትዮ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ልል የፈለግሁትን አሁን የሚረዱኝ ይመስለኛል። ሰው ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፤ የሰፋችለትን ሴት ግን አያያትም፣ ወገቧ ይጉበጥ ዓይኗ ይጥፋ ግድ የለውም። እኔ እሷን ወደ ውጭ ገለበጥኳት። አሥራ ሁለት ካፖርት ሙሉ ሰዎች እንዲያዩአት።

መቼም ይገርምዎታል ብዬ ነው፤ ሣጥኑ መንገድ ላይ ተንገላቶ ነው መሰለኝ አቡጀዲዎቹ ተፈትተው ነው የደረሱኝ። ማየቴ ካልቀረ፣ ያየሁትን መደበቅ ነውር መሰለኝ። በአንዱ መሰላል አለ፣ በአንዱ ደጃፍ፣ በአንዱ ደግሞ አምስት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። ከሁሉ አንጀቴን የበላችው አንዲት እግር ናት። የግራ እግር፣ በእውነተኛ እግር ልክ፣ በቀይ ክር። ጣቶቿ ስድስት ናቸው። ብቆጥር ብደግም ስድስት። ለግብዣው ካርድ የመረጥኳት እሷን ነው፤ ከስሯም "ከሥራ ብዛት ጣት መቁጠር ለጠፋባት እጅ" ብዬ አጻፍኩ። ያ ካፖርት በማግሥቱ ተሸጠ፤ የገዛችው ያቺው ያለቀሰችው ሴትዮ ናት።

ለሴቶቹ ይንገሩልኝ፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ የእነሱ ነው። የማይቀየሙኝ ይመስለኛል። ይቀየሙኝ ይሆን? አንድ ካርድ አብሬ ልኬያለሁ። እንደ ድሮው ሥዕሎቼ ከመስተዋቱ አጠገብ ይለጥፉልኝ።

የእርስዎ እራፊ

ኅዳር 27

እራፊ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታውን እንለፈው፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የሆነውን በተራ ልጻፍልሽ፣ አለዚያ ንዴቴ ያተራምሰዋል። ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ የወደቀው ካርዱ ነው። መነጽሬ ላይ ሳቂታዋ ተቀምጣበት ሰብራው ስለነበር ደብዳቤውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ኪሴ ከተትኩት። ካርዱን ግን ያለመነጽርም አውቄዋለሁ፣ የአንቺ ነዋ። ከመስተዋቱ አጠገብ ለጠፍኩት። ለገባው ሁሉ "የእኔ ልጅ ሥራ ነው" እያልኩ ሦስት ቀን አሳየሁ። የእግር ሥዕል ነው፣ ቆንጆ ነው፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ጭምቷ እነዚያን ቀናት ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር።

በአራተኛው ቀን መጣች። ሻርፗን ሳታወልቅ ካርዱን አየችው፣ ሄዳም ቦታዋ ቁጭ አለች። እሷ መቼ ምን ትላለች ብዬ እኔም ልብ አላልኩም። በኋላ "ለምን አላወረድሽውም?" ብላት "ካወረድኩት ይታወቅብኛል ብዬ ነው" አለችኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ልጅቷ ቁልፍ ልትወስድ ገባች። ካርዱን አየች። ከስሩ የጻፍሽውን ጮክ ብላ አነበበችው፣ ደግማም አነበበችው። "ይህን ማን ነው የጠለፈው?" አለች። በዚህ ቤት እንዲህ ተብሎ አይጠየቅምና ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ወንበር እንኳ ሳትይዝ፣ እንደቆመች፣ የግራ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋንም።

ስድስት ናቸው፣ እራፊ። ሳቂታዋ ልትስቅ የከፈተችው አፍ እዚያው ቀረ። ልጅቷ ግን የእኛን ፊት አላየችም። "ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። እናቴ ደግሞ መርፌ ይዛ አታውቅም" አለችና ወደ ጭምቷ ዞረች። የጭምቷ መርፌ የራሷ ጣት ውስጥ ተሰክቷል፤ አልነቀለችውም። "እኔ ነኝ የወለድኩሽ" አለቻት። እስከዚያ ሰዓት በአሥራ ሰባት ዓመት ስለ ራሷ ስትናገር የሰማኋት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ልጅቷ ካልሲዋን አደረገች፣ የጫማዋን ክር ቀስ ብላ አሰረች፣ ቁልፉን ሳትወስድ ወጣች። እናቴ ትላት ወደነበረችው ሴት ቤትም አልሄደችም። አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘንድ አርፋለች አሉ፤ ከሁለቱም ጋር አትነጋገርም።

ጭምቷ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ወደዚህ ቤት ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሥራ አለ ወይ አለችኝ፣ አለ አልኳት፣ ሌላ አልጠየቅኋትም። ለካ ያን ሰሞን የሳምንት ልጅ ለእህቷ አስረክባ ነው። እህቷ መካን ናት፤ ልጅቱን ይዛ ሩቅ አገር ልትሄድ፣ ጭምቷም አክስት ልትባል ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ያንን እግር አላየችውም። በየዓመቱ ልጅቷ በተወለደችበት ሰኔ "አሁን ይህን ያህል አድጎ ይሆናል" እያለች በግምት ትጠልፈዋለች፤ አቡጀዲ ትወሰውስበታለች፤ እኔ ገበር እሰፋበታለሁ፤ ሰው ለብሶት ይሄዳል። ማንም ሳያይባት እናት የምትሆነው በዓመት አንዴ ነበር።

ጣት መቁጠር የጠፋባት አልሽ? እሷ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እነዚያን ጣቶች ስትቆጥር ነው የኖረችው።

ስለ እኛ መናገርሽን አልጠላሁትም። ወገባችን ጎብጧል፣ እውነትሽን ነው፤ ይነገር። ግን ከመናገርሽ በፊት እኛን ምነው ብትጠይቂን! ካርዱን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ስንካፈል የእኔን ድርሻ አትርሺ። አውርጄዋለሁ። የነበረበት ቦታ ግን ቀለሙ ተልጦ ነጣ ብሎ ይታያል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለጋሼ፣

"አቡጀዲዎቹ በእርግጥ ተፈትተው ነው የደረሱሽ?" የምትል አንድ መስመር ብቻ የጻፉባት ወረቀት ደርሳኛለች። ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደፍቼ አስቀመጥኳት፣ እንደ ሕፃን፤ ካላየኋት የማታየኝ ይመስል።

መልሱ እንዲህ ነው፤ አልተፈቱም። ሣጥኑ አንድም ጭረት ሳይነካው ነው የደረሰኝ። የተረተርኳቸው እኔ ነኝ፣ አሥራ ሁለቱንም፣ ስሄድ በሰጡኝ መቀስ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ቢያውቁ! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ረስቼው ነው እንዳልልዎ፣ አልረሳሁትም። የመጀመሪያውን ስተረትር ጉንጬን ሲያቃጥለኝ ተሰምቶኛል፣ የዚያን ጊዜው ጥፊ። ለትርኢቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዘጋጁ መጥቶ ካፖርቶቹን አየና "ያምራሉ፤ ግን ምን ይላሉ?" አለኝ። የእናንተን ሥራ ተሸክሜ መጥቼ፣ የምለው ግን አልነበረኝም። ሲወጣ በሩን ዘግቼ መቀሱን አነሣሁ። ስለ እነሱ ልናገርላቸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ባዶ እጄን እንዳልታይ መፍራቴ ነው። የደከሙ ሴቶችን ላሳይ ብዬ ከደከሙት ሴቶች ሰረቅሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

እርስዎም ስለ ካርዱ ጥፋት ልካፈል ብለዋል። አይካፈሉኝ። ይህ የእኔ ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ልጅ ሆኜ ጥፍሬን የምትቆርጥልኝ ጭምቷ እንደነበረች ያስታውሳሉ? ከመስኮቱ ስር ተቀምጣ እግሬን ጭኗ ላይ ታደርግና ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች ትቆጥር ነበር። አምስት ላይ ስትደርስ ትንሽ ዝም ትላለች። የጨዋታው ሕግ ይመስለኝ ነበር። "እትዬ፣ ድገሚው" እላት ነበር፣ ትደግመዋለች።

አራት ደብዳቤ ጽፌላት አራቱንም ቀድጃለሁ። ማንበብ እንደማትችል ትዝ ያለኝ አራተኛውን ስቀድ ነው። ሌላ ሰው እንዲያነብላት ደግሞ አልልክም፤ የእሷን ነገር በሌላ ሰው አፍ ማስነበብ ይበቃኛል።

ሁለተኛ ትርኢት ጋብዘውኝ ነበር፣ እምቢ ብያለሁ። የቀሩትን አሥራ አንድ ካፖርቶች አቡጀዲ አልብሼ ገበር እያስገባሁላቸው ነው፤ ፊቴን አዙሬ፣ በዳሰሳ። ጣቴን ስንት ጊዜ እንደወጋሁት አይጠይቁኝ። የእግሩን ካፖርት እንድትመልስልኝ የገዛችውን ሴትዮ ለምኛለሁ። "አስቤ እነግርሻለሁ" ብላኛለች።

ልጅቷስ? እባክዎ ስለ ልጅቷ ይጻፉልኝ።

እራፊ

ጥር 24

እራፊ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

እውነቱን ስለጻፍሽልኝ በመጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። አስቀድሜ አውቄው ነበር። ሴቶቹ የወሰወሱት አቡጀዲ በሣጥን መንገላታት አይፈታም፤ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስልክ አንድም ቀን አልተፈታም። ውሸቱን ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። እውነቱን ሰማሁ። ይሁን፣ ይሻላል።

ጭምቷ ሄዳለች። ጥር ስድስት ማለዳ መጣች፣ መቀመጫዋን ጠረገች፣ መርፌዎቿን በየመጠናቸው ጨርቅ ላይ ሰክታ ለሳቂታዋ ሰጠቻት። ከዚያ የአንቺን አድራሻ ጠየቀችኝ። የልክ ደብተሬ ጀርባ ላይ ካለው ሳቂታዋ ገለበጠችላት። "ወዴት ነው?" አልኳት። "ልብሴ ጋ" አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ክፍሉን አየችው፤ እኔንም እንደ አንዱ ወንበር አየችኝና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማንም። አንኳኩታ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ልጅቷ በስምንተኛው ቀን መጣች። አየሽ፣ በስምንት ቀን ተላለፉ። ወደ አሳደገቻት ተመልሳለች፤ እንደ ድሮው ግን አይደሉም፣ ሁለቱም በእግር ጣታቸው ነው የሚራመዱት። ጭምቷን ፈልጋ ነበር የመጣችው። ሄዳለች ስላት ባዶው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

"እውነት በየዓመቱ ሠርታኛለች?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አላየሁም።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያዩ?"

"አንድ ቀን ሳላይ።"

"እንግዲያው አሁን እንይ" አለች።

አይሆንም፣ የሷ ነው፣ ሳትፈቅድ አይነካም አልኳት። "የእሷ ብቻ አይደለም። የእኔም እግር ነው" አለችኝ።

የልክ ደብተሬን አወጣሁ። በየሰኔው ጭምቷ ብቻዋን የያዘችውን ልብስ ማን እንዳሠራው ተጽፏል፣ አሥራ ሰባቱም። አንዱ ሞቷል፣ አንዷ አገር ለቃለች፣ አንዱ ልብሱን ለማን እንደሰጠ አያውቅም። ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣችው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ካፖርት፣ ጥቁር ሰማያዊው፣ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የሰፋሁላት። ሄጄ "ገበሩ አርጅቷል፣ ልቀይርልዎ" አልኳት። ዋሸሁ። ውሸት በቤተሰባችን ነው መሰለኝ።

ልጅቷ ራሷ ተረተረችው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ሳቂታዋም አዞረች። የመቀሱ ድምፅ ቆመ። በኋላ "ይዙሩ፣ ማየት ይችላሉ" አለችኝ።

ከአቡጀዲው ስር ያለውን በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ትንሽ የግራ እግር፣ ቀይ ክር፣ ስድስት ጣት፤ ትንሿ ጣት እንደ ምስር ክብ ናት። ልጅቷ መዳፏን ዘረጋችበትና "ትልቅ አድርጋ ነው የገመተችኝ። በአራት ዓመቴ እግሬ ይህን አያህልም ነበር። በጣም ትንሽ ነበርኩ" አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሳቂታዋ ግን እየሳቀች ነው የምታለቅሰው፣ እሷ ሌላ አታውቅም።

አቡጀዲውን መለስን፣ አዲስ ገበር አስገባሁበት። ልጅቷ ልትሄድ ተነሥታ ቆመችና "ልኬን ይውሰዱልኝ" አለች። ጫማዋን አውልቃ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ቆመች። ተንበርክኬ የግራ እግሯን ዙሪያ በጠመኔ አሰመርኩ። ጉልበቴ እንዴት እንደጮኸ አይነገርም። "ስድስተኛዋን እንዳይዘሏት" አለችኝ፤ ሳቂታዋ ስትስቅ እሷም ፈገግ አለች። ጠመኔው እንዳይጠፋ ሳቂታዋ በክር ያዝ ያዝ አደረገችው።

ያን ቁራጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ጭምቷ ከመጣች ስጫት። እንዲህ በያት፤ ልጅሽ የላከችው ነው፣ ግምት አይደለም፣ ልኩ ነው። ካልመጣች የምልክበት ሌላ አድራሻ የለኝም።

አጎትሽ

የካቲት 16

ጋሼ፣

መጥታለች።

ሴትዮዋ ካፖርቱን ከመለሰችልኝ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እውነቱን ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ አጥፋ ሰጠችኝና "ለሁለታችንም ያሳፍራል" ብላ በሩን ዘጋች። ገበር አላስገባሁበትም። የምዘጋው እኔ አልመሰለኝም። ከመስኮቱ አጠገብ ሰቅዬው ቁጭ ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሲንኳኳ የጎረቤት ሴትዮ መስላኝ ነበር። ጭምቷ ናት። ሻርፗ ያው የድሮው ነው፤ ጫማዋ አልቋል፣ ስንት ቀን እንደመጣችበት አልነገረችኝም። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም፣ ውኃ ብሰጣት አልጠጣችም። ከካፖርቱ ስር ስትቆም እግሯ ላይ ልወድቅ ተጠጋሁ። "ፈቀቅ በይ፣ ብርሃን ጋርደሽብኛል" አለችኝ።

የላኩልኝን ቁራጭ ሰጠኋት፣ ያሉኝንም አንድ ሳላጎድል ነገርኳት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፤ በዚያው ድምፅ፣ በልጅነቴ በምሰማው። አምስት ላይ ግን ዝም አላለችም። ከዚያ ካፖርቱን አውርዳ ቁራጩን በጠለፈችው እግር ላይ ደረበችው። ተረከዙ ላይ አንድ ጣት ያህል ልዩነት አለ። "አሳጥሬባታለሁ" አለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

ይቅር በይኝ አልኳት። መቀስ ጠየቀችኝ። ያለኝ እርስዎ የሰጡኝ ብቻ ነው። እሱን ሰጠኋት፣ ገለባብጣ አየችውና ቀዩን ክር ከተረከዙ ጀምራ መተርተር ጀመረች። በልኩ ልትሠራው ነው። መርፌ ሰጠኋት፣ ቀይ ክር ሰጠኋት፣ አቡጀዲ ቀድጄ አጠገቧ አስቀመጥኩላት።

ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ዙሪ" አለችኝ።

ዞርኩ። ይህን የምጽፍልዎ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ነው፤ ፊደሌ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ከኋላዬ ክር ሲሳብ ይሰማኛል። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ እግሬ ደንዝዟል። እስካሁን ፊትሽን መልሺ አላለችኝም።

እራፊ